የጋላቢው ማዕድ

ቴሬዝያ ቬሬበሽ ባሏን በቀበረች ማግስት መንታ ልጆቿን ገበታ ላይ አስቀመጠችና ለአንደኛው የባቄላ ሾርባ ሞልታ ቀዳችለት፤ ለሌላኛው ባዶ ሳህን አቀረበችለት።

ልጆቹ አሥር ዓመታቸው ነበር። መልካቸውም ቁመታቸውም አንድ ስለነበር የትምህርት ቤቱ መምህር እንኳ ባሊንት ላጠፋው ጋሽፓርን፣ ጋሽፓር ላጠፋው ባሊንትን ሲገርፍ ነው የኖረው። ጋሽፓር ባዶ ሳህኑን አየና ፈገግ አለ። እናቱ የቀለደች መስሎት ነበር።

«የኔስ፣ እማዬ?»

«አንተ ጋላቢ ትሆናለህ። ጋላቢ ማታ አይበላም።»

«ባሊንትስ?»

«ባሊንት ተሸካሚ ይሆናል። ተሸካሚ ካልበላ ወገቡ ይቆረጣል።»

ባሊንት ማንኪያውን እንደያዘ ወንድሙን አየት አደረገው፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ መብላት ጀመረ።

አባታቸው በአላግ የውድድር ፈረስ ከሚያሠለጥኑት ሰዎች የአንዱ ፈረስ ጠባቂ ነበር። አንዲት ክፉ ባዝራ ደረቱን በኮቴዋ መታችውና እዚያው ድርቆሹ ላይ ቀረ። ቴሬዝያ አልቅሳ ሳትጨርስ ነው ማሰብ የጀመረችው። አላግ ከቡዳፔስት በባቡር ብዙም የማትርቅ ትንሽ መንደር ናት፤ ነገር ግን ሰውም ወሬም እንጀራም የሚዞረው በፈረስ ዙሪያ ነው። ፈረስ ጠባቂ የወለደ ቤት ፈረስ ጠባቂ ይቀብራል። ጋላቢ የወለደ ቤት ግን ጣሪያው ሸክላ ይለብሳል፣ ሴቶቹ ቤተክርስቲያን በባርኔጣ ይሄዳሉ። ችግሩ ጋላቢ ትንሽና ቀላል መሆን አለበት፤ የቬሬበሽ ዘር ግን አጥንቱ ረጅም ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ እንዳያድግ መደረግ ነበረበት። ሁለቱንም ብታስርብ ደግሞ ሁለቱም ሊሞቱባት ይችላሉ። እንዲህ አድርጋ ነው ያሰበችው፤ ኋላም አልደበቀችውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሽፓር ምግብ ጠዋት ስብ የነካካው ቁራሽ ዳቦ፣ ቀን ላይ ጎመን፣ ማታ ኮምጣጤ የገባበት ውሃ ሆነ። ሆዱ ሲጮህ እናቱ ትንባሆ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። «ሳብ፣ ሆድ ይዘጋል» ትለዋለች። በየሳምንቱ በመቀነቷ ቁመቱን ትለካዋለች፤ አንዲት ጣት ጨምሮ ከተገኘ በጥፊ ትለዋለች። «አደግህ!» ትለዋለች፣ ሌላዋ እናት ልጇን «ሰረቅህ!» ብላ እንደምትቆጣው።

አንድ ቀን ባሊንት ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ በወንድሙ መዳፍ ላይ አኖረለት። ቴሬዝያ በመስኮት አየች። ገብታ ባሊንትን አልነካችውም፤ ጋሽፓርን መሬት ላይ አስተኝታ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከትታ የዋጠውን አስመለሰችው። ከዚያ በኋላ ባሊንት ምንም ነገር ሰጥቶት አያውቅም።

ጥሩ ጋላቢዎች ኪሎ ለመቀነስ በፋንድያ ክምር ውስጥ ይቀበራሉ፤ ፋንድያ ውስጡ ይፈላል፣ ሰውን እንደ ምድጃ ላብ በላብ ያደርጋል። ቴሬዝያ ይህንን ከበረቱ ሰዎች ሰምታ ልጇን ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ አንገቱ ትቀብረው ጀመር። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ የጋላቢዎቹን ሱሪ ትጥባለች። የሰፈሩ ልጆች መጥተው ጭንቅላቱን እያዩ ይስቃሉ። እሱ አያለቅስም፤ ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ ብቻ «እማዬ፣ ዝንብ» ይላታል፤ እሷም በእርጥብ እጇ እሽ ትልለታለች።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው አሠልጣኙ አምብሩሽ ፖንግራትስ ዘንድ ይዛው ሄደች። ፖንግራትስ ሆዱ የተነፋ፣ ጺሙን በሰም የሚያሾል ሽማግሌ ነበር፤ በአላግ ከእሱ በላይ የሚፈራ አልነበረም።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሦስት፣ ጌታዬ።»

«አትቀልጂ። ዘጠኝ ይመስላል።»

«ለፍቼበት ነው፣ ጌታዬ» አለች ቴሬዝያ በኩራት።

ፖንግራትስ ልጁን ብብቱን ይዞ እንደ ዝይ ወደ ላይ አነሳውና ክብደቱን በእጁ ገመተ። «ቬሬበሽ!» አለና ሳቀ፤ የቤተሰቡ ስም በሀንጋሪኛ ከድንቢጥ የመጣ ነው። «እውነትም ድንቢጥ! ስሙ ራሱ ነው የጠራው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ በአላግም በዋና ከተማዋ በፔሽትም ስሙ ድንቢጥ ሆነ።

ድንቢጥ ፈረስ ላይ ሲወጣ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ምድር ላይ ሲሄድ የሚንገዳገደው፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ከንፈሩ የሚጠቁረው ልጅ ኮርቻ ላይ እንደ ድንጋይ ይረጋል። ሌሎቹ ገና ከመነሻው በአለንጋ ይረባረባሉ፤ እሱ ግን ከኋላ ተደብቆ እጁን በጋማው ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። መጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ሲደርሱ ነው የሚጨክነው። የአለንጋው ድምፅ እስከ ሕዝቡ መቀመጫ ይሰማል፤ ፈረሱ ጎኑ ደም እየጣለ መስመሩን ያልፋል። ሕዝቡ «ድንቢጥ! ድንቢጥ!» እያለ ባርኔጣውን ይወረውራል። ገና በሃያ ዓመቱ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ እሱ ያልሆነበትን ዓመት መቁጠር ይቀላል።

የእናቱ ቤት ሸክላ ለበሰ። ቴሬዝያ የልብስ ማጠቢያ ገንዳውን ለጎረቤት ሰጥታ ባርኔጣ ገዛች፤ ወፈረች፤ በውድድር ቀን ከፊት ረድፍ ትቀመጣለች። ባሊንት በፔሽት ባቡር ጣቢያ የሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ አደገ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ግዙፍ ሰው ወጣው። መንታ መሆናቸውን ሲናገሩ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። «ባሊንት፣ ወንድምህን በየትኛው ኪስህ ነው የያዝከው?» ይሉታል። ባሊንት አብሯቸው ይስቃል። ጋሽፓርም ይስቃል።

ጋዜጠኞች ምስጢሩን ሲጠይቁት የሚናገራት አንዲት ታሪክ ነበረችው። «እናቴ ናት ያየችኝ» ይላቸዋል። «ልጅ ሆኜ እጄን የፈረስ አንገት ላይ ሳሳርፍ ፈረሱ ጸጥ ይላል። ወንድሜ እንዲህ ያለ እጅ አልነበረውም። እናቴ ከሩቅ አይታ ይሄ ልጅ ጋላቢ ነው አለች። ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።» ይህንን ታሪክ ማን እንደነገረው አያስታውስም። ግን ያምነው ነበር። ረሃቡን ሁሉ የተሸከመው በዚያች ታሪክ ነው። ተርቦ ሲተኛ ለራሱ የሚነግራት እሷን ነበር፤ የተመረጠ ሰው ይራባል፣ የተራበ ሰው ሁሉ ግን የተመረጠ አይደለም ይል ነበር።

የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ኤቴልካን አገባ። በሠርጉ ዕለት ሙሽራው በሎዝ የተሠራውን ኬክ አፉ ውስጥ አላምጦ፣ አጣጥሞ፣ በመሐረብ ተፋው። ኤቴልካ አየችው። ቤቱ ውስጥ ግን ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ማድ ቤቱ የቴሬዝያ ነው። ኤቴልካ የወጥ ድስት ስትጥድ ቴሬዝያ ክዳኑን ከፍታ «ይሄ ሽታ ለማን ነው? ባልሽን ልትገድዪው ነው?» ትላለች። ሁለተኛው ክረምት ላይ ኤቴልካ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ቋሊማ ነጋዴው ጋር ነው የምትሄጂው ይባላል» አላት ጋሽፓር።

«አዎ።»

«ትወጂዋለሽ?»

«ይበላል» አለችው። «ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ እኔ አየዋለሁ። አንተ ጋር የተኛሁት ከአጥንትና ከሲጋራ ጋር ነው።»

ጋሽፓር ከዚያ በኋላ ሴት አላገባም። በሜዳውም ላይ የበለጠ ጨከነ።

ያን ጊዜ አላግ ውስጥ ሎሪንትስ ቼቴ የሚባል ወጣት ጋላቢ ተነሣ። ሎሪንትስ በተፈጥሮው ትንሽ ነበር፤ እናቱም አባቱም አጭር ናቸው። ከውድድር በፊት ፓፕሪካ የሚሉት ቀይ በርበሬ የበዛበት ወጥ በዳቦ ይበላል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሲባጎ ያህል ይመዝናል። ጋሽፓር ይህንን ሲያይ ጥርሱን ያፋጫል። ሎሪንትስ ግን ይወደው ነበር፤ «ድንቢጤ» ይለዋል፣ የአለንጋ አያያዝም የተማረው ከእሱ ነው።

በሰኔው ትልቅ ውድድር ጋሽፓር የፖንግራትስን ጉራቻ፣ ሎሪንትስ አንድ ዳማ ይዘው ወጡ። ጋሽፓር ለዚያ ውድድር ሲል ከሳምንቱ መጀመሪያ አንስቶ ከኮምጣጤ ውሃ በቀር ምንም አልቀመሰም። መጨረሻው ጥምዝ ላይ ዳማው በውስጥ በኩል፣ በአጥሩና በጉራቻው መሃል መጣ። ክፍተቱ ለአንድ ፈረስ ይበቃ ነበር።

«ጋሽፓር! ቦታ!» አለ ሎሪንትስ። «ቦታ ስጠኝ!»

ጋሽፓር ዞር ብሎ አየው። የልጁ ጉንጭ ቀይ ነበር፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ የፓፕሪካ ወጥ ምልክት ያየ መሰለው። ኋላ ራሱን ሲጠይቅ ይህ እውነት ይሁን ቅዠት መለየት አልቻለም። የግራውን ዛብ ሳብ አደረገ። ጉራቻው ወደ አጥሩ ተጠጋ፤ አንድ ክንድ ያህል ብቻ።

«ጋሽፓር! ስለ እግዜር!»

የአጥሩ እንጨት ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ጠመንጃ የተተኮሰ ነው የሚመስለው። ጋሽፓር ወደ ኋላ አልዞረም። አለንጋውን አነሳ፣ ጉራቻውን ገረፈ፣ አሸነፈ። ዳኞቹ ጠርተው ጠየቁት፤ ፈረሱ ራሱ ነው ያዘነበለው አላቸው። ፖንግራትስም ከጎኑ ቆሞ «ፈረሴን አውቀዋለሁ፣ ወደ ግራ ያደላል» አለ። ጉዳዩ ተዘጋ። ዳማው እዚያው ሜዳ ላይ በጥይት ተገላገለ። የሎሪንትስ ወገብ ተሰብሮ ከዚያ በታች ያለው አካሉ በድን ሆነ።

ጋሽፓር ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄደ። ሎሪንትስ በጀርባው ተኝቶ የሆስፒታሉን ዳቦ በስብ እየበላ ነበር።

«መጣህ ድንቢጤ? ቁጭ በል።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ዳኞቹ ምን አሉህ?»

«ምንም አላሉ።»

«እኔንም ጠይቀውኝ ነበር። አላስታውስም አልኳቸው።»

«ለምን?»

ሎሪንትስ ዳቦውን ጎረሰና ቀስ ብሎ አላመጠ። «ብነግራቸው እግሬን ይመልሱልኛል? አንተን ቢያግዱህ ደግሞ ታርፋለህ። ቁጭ ብለህ ትበላለህ። እኔ እንዲህ እንድታርፍ አልፈልግም።» ሌላ ቁራሽ ቆረሰ። «እንካ፣ ቅመስ። አትችልም አይደል? ነገ ውድድር አለህ። እኔ ከእንግዲህ ሚዛን ላይ አልወጣም፤ እንደልቤ ነው የምበላው። እየኝ።»

ጋሽፓር ከአልጋው ጎን ቆሞ አየው። ሊጸጸት ነበር የሄደው፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሆዱ ውስጥ የገባው ጸጸት ሳይሆን ቅናት ነበር። ያንን ዳቦ፣ ያንን አልጋ፣ ያንን የደነዘዘ ወገብ እንኳ ተመኘ። በራሱ አፍሮ ብርቱካኑን ጥሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አሸነፈ። ሎሪንትስ እንደተመኘለት አላረፈም። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ረገፉ፤ ሽንቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ። አንድ ቀን ሚዛን ላይ እንደቆመ ዓይኑ ጨለመና ወደቀ፤ ውሃ ደፍተውበት ተነሣ፣ በዚያው ቀን ሁለት ውድድር አሸነፈ። ጋዜጦች «የብረት ሰው» ብለው ጻፉለት።

አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ በአንድ የጸደይ ጠዋት ጋሽፓር ወደ ፖንግራትስ በረት ሲደርስ፣ የሚጋልበው ፈረስ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘ። ፖንግራትስ በጣም አርጅቶ በምርኩዝ ነበር የሚሄደው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ፈረስ የኔ ነበር» አለ ጋሽፓር።

«ነበር» አለ ፖንግራትስ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ደም ትሸናለህ ይሉኛል። ፈረሴ ላይ ሰው እንዲሞትብኝ አልፈልግም፤ ፈረስ ይደነግጣል፣ ከዚያ በኋላ አይሮጥም።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎን ነው ያገለገልኩት፣ ጌታዬ።»

«እኔም ከልጅነትህ ጀምሮ ፈረስ ሰጥቼሃለሁ። በል ድንቢጥ፣ ከመንገዱ ዞር በል፤ ፈረሶቹ ሊወጡ ነው።»

ጋሽፓር ዞር አለ። ፈረሶቹ በአጠገቡ አለፉ፤ ከጋላቢዎቹ አንዱም ባርኔጣውን አላነሳለትም።

ሐኪሙ ኩላሊቶቹ አልቀዋል አለው። «ከእንግዲህ የፈለግከውን ብላ» ሲለው እንደ ምርቃት ነበር የተሰማው። እየሮጠ ወደ ቤት ሄዶ እናቱን ጉላሽ የሚባለውን የሥጋ ወጥ ሥሪልኝ አላት። ቴሬዝያ ሠራችለት። ከሁለት ማንኪያ በላይ አልወረደለትም፤ ሦስተኛውን ግቢ ወጥቶ አስመለሰው። በማግስቱ ሞከረ፣ ያው ሆነ። ሆዱ እንደ ሕፃን ቡጢ ተጨብጦ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ ብቻ ሆነ ምግቡ።

አንድ እሑድ ባሊንት የተጠበሰ ዝይ ይዞ ከፔሽት መጣ። ሦስቱ ገበታ ቀረቡ፤ እናትየው፣ ግዙፉ ልጅና ትንሹ ልጅ። ባሊንት የፍሬ አረቄ ቀዳ። ጋሽፓርም ትንሽ ጠጣ፤ ባዶ ሆድ ላይ ስለሆነ ቶሎ ሞቅ አለውና ስለ ድሮው ማውራት ጀመረ።

«ምንም ቢሆን እጅ ነበረኝ» አለ ጣቶቹን ዘርግቶ። «አዎ፣ ሆዴ ሄደ፣ ጥርሴ ሄደ። ግን እማዬ ያኔ ይሄንን እጅ ባታይ ኖሮ እኔም ሻንጣ ተሸክሜ ነበር የምሞተው።»

ቴሬዝያ የዝይ ክንፍ እየጋጠች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«የምን እጅ?»

«ፈረስ ጸጥ የሚያሰኘው እጄ። ከልብስ ማጠቢያው አይተሽ የመረጥሽኝ።»

«ማን ነገረህ ይሄንን?» አለችና ሳቀች። አፏ ውስጥ ሥጋ ነበር። «ፈረስ የሚወደውማ ባሊንትን ነበር። አባታችሁን የገደለችው ባዝራ እንኳ ባሊንት ሲጠራት ትመጣ ነበር። አንተን ነክሳሃለች፤ ትከሻህ ላይ ያለው ጠባሳ የሷ ነው።»

የጋሽፓር እጅ ሳያውቀው ወደ ትከሻው ሄደ። «ታዲያ ለምን እኔን?»

«ባሊንት ሲርበው ይጮሃላ! ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፣ ቄሱ መጥተው ይጠይቁኛል። አንተ ሲርብህ ግን ዝም ትል ነበር። ዝም የሚለውን ነው የመረጥኩት። ሌላ ምን እመርጣለሁ? መልካችሁ እንደሆነ አንድ ነበር።»

ባሊንት ቢላዋውን አስቀመጠ። «እማዬ፣ ይበቃል» አለ።

ጋሽፓር ወደ ወንድሙ ዞረ። የባሊንት ፊት ቀልቶ ነበር፤ ዓይኑን ከገበታው አላነሳም።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

ባሊንት የአረቄ ብርጭቆውን ገፋ አደረገው።

«ባሊንት፣ ታውቅ ነበር ወይ?»

«አባባ የሞተ ቀን ከአክስታችን ጋር ስታወራ ሰማሁ» አለ ባሊንት። «አንዳቸውን አስርባለሁ አለች። አንተ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር። ያን ሌሊት ራበኝ ብዬ ጮህኩ። አልራበኝም ነበር። ግን ጮህኩ።»

ጋሽፓር ከወንበሩ ተነሣ። ቆሞም ቁመቱ ከተቀመጠው ወንድሙ አይበልጥም። አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ያልጮኸውን ጩኸት ያን ጊዜ ጮኸው። ቃል አልነበረውም፤ መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች የቆሰለ ፈረስ መስሏቸው ቆሙ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ትንፋሹ እስኪያልቅ ጮኸ፤ ሲያልቅበት አየር ስቦ ደገመው።

ቴሬዝያ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ጣቷን በጨርቅ ጠረገች።

«አሁን ምን ያደርግልሃል?» አለችው። «መጮህማ ያኔ ነበር።»

ባሊንት በዚያው ቀን ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፤ ዝይው ገበታ ላይ እንደተጋመሰ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹ አልተገናኙም። ጋሽፓር ግን ቤቱን ጥሎ አልሄደም፤ የት ይሄዳል? እናቱ ጉልበቷ ስለደከመ እሱ ነበር የሚያበስልላት። ሥጋውን ይቆርጥላታል፣ ሾርባውን ያቀርብላታል፣ ከዚያ ወጥቶ ደጁ ላይ ይቀመጣል። ስትጨርስ ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ ታንኳኳለች፤ ገብቶ ያነሳል።

በመጸው መጨረሻ ኩላሊቱ ጨርሶ ቆመና ሞተ። የሬሳ ሣጥን ሠሪው ትልቅ ሣጥን ብክነት ነው ብሎ ለልጅ ያዘጋጀውን ሰጠ፤ ልክ መጣ። ፖንግራትስ የአበባ ጉንጉን ላከ። ሎሪንትስ ቼቴ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ መጥቶ መቃብሩ ዳር ቆየ፤ ምን እንዳለ የሰማ የለም። ባሊንት አልመጣም።

ከቀብሩ በኋላ ጋዜጠኞች የሸክላው ቤት ውስጥ ቴሬዝያን ከበው ስለ ሻምፒዮኑ ጠየቋት፤ ልጅ ሆኖ እንዴት ነበር አሏት። ጎረቤቶች ያመጡት የቀብር ምግብ ፊቷ ተደርድሮ ነበር። የአሳማ ሥጋ ጎርሳ አሰበች።

«ጥሩ ልጅ ነበር» አለቻቸው። «አስቸግሮኝ አያውቅም።»